የአንባብያን ጥያቄ፦ የደሴቶቹ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። በጣና ደሴቶች ላይ የተመሠረተ፣ ነገር ግን ነገሥታቱም ሕዝቡም በምናብ የተፈጠሩበት ረጅም ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ እገኛለሁ። ባልደረቦቼ «ይህ የልጆች ተረት ነው፤ ይልቅ ቁም ነገር ጻፍ» ይሉኛል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ኡርሱላ ለጉዊን የምትባል አሜሪካዊት ስለ ደሴቶች ዓለም ጽፋ ትልቅ ክብር እንዳገኘች አጫውቶኛል። ማን እንደነበረች፣ ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገባች፣ ዓለሟንም ከየት እንዳመጣችው ቢያብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።
መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ወዳጅዎ ያጫወቱዎት እውነት ነው። ኡርሱላ ክሮበር ለጉዊን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1929 በካሊፎርኒያ ግዛት በበርክሊ ከተማ ተወለደች፤ ጃንዋሪ 22 ቀን 2018 በ88 ዓመቷ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ አረፈች። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) በሕይወት ዘመኗ ከ20 የሚበልጡ ረጃጅም ልብ ወለዶችን፣ ከ100 በላይ አጫጭር ልብ ወለዶችን፣ እንዲሁም ግጥሞችን፣ መጣጥፎችንና የሕፃናት መጻሕፍትን ጽፋለች። የእርስዎ ጥያቄ ያረፈው ግን የሥራዋ ምንጭ ላይ ስለሆነ ካደገችበት ቤት እጀምራለሁ።

አባቷ አልፍሬድ ክሮበር በ1901 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሰብ ጥናት የመጀመሪያውን የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበለ ሰው ሲሆን፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ ተረትና ሥርዓት በመመዝገብ ነበር። እነዚህ ሕዝቦች ከ1848 በኋላ ወርቅ ፍለጋ በጎረፈው ሰፋሪ ከርስታቸው የተነቀሉ፣ ብዙዎቹም የተጨፈጨፉ ናቸው። በ1911 ኦሮቪል በምትባል ከተማ አንድ ብቸኛ ሰው ከተደበቀበት ዱር ወጥቶ ተገኘ፤ ያሂ ከሚባለው ሕዝብ የተረፈው እርሱ ብቻ ነበር። ክሮበርና ባልደረቦቹ በዚያን ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ በነበረው ሙዚየም አኖሩት፤ እርሱም በ1916 በሳንባ ነቀርሳ እስኪሞት ድረስ ቋንቋውን አስተማራቸው፣ ቀስትና ፍላጻ እንዴት እንደሚሠራ፣ እሳት ያለ ክብሪት እንዴት እንደሚጫር አሳያቸው። ስሙን ግን አልነገራቸውም። በወገኖቹ ልማድ ሰው የራሱን ስም ለባዕድ አይናገርምና እውነተኛ ስሙን ሳይገልጥ ሞተ፤ ዓለም የሚያውቅበትን «ኢሺ» የሚለውን መጠሪያ ያወጣለት ክሮበር ነው። የለጉዊን እናት ቴዎዶራ ክሮበር የዚህን ሰው ታሪክ ጽፋ በ1961 አሳተመች፤ መጽሐፉም በሰፊው ተነበበ።

ለጉዊን የተወለደችው ኢሺ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ቤተሰቡ በጋውን በናፓ ሸለቆ በነበራቸው የገጠር ቤት ያሳልፍ ነበር፤ በዚያም አባቷ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ከነባር ሕዝቦች የሰማቸውን ተረቶች ለልጆቹ ይነግራቸው ነበር። ከነባር ሕዝቦች የተወለዱ የአባቷ ወዳጆችም በእንግድነት እየመጡ ይሰነብቱ ስለነበር፣ እርሷ ሁለቱን እንደ አጎቶቿ ትቆጥራቸው እንደነበር በኋላ ጽፋለች። አንድ ሕፃን ከፊደል በፊት እንዲህ ያለውን ትምህርት ካገኘ፣ የራሱ ሕዝብ አኗኗር ከብዙ አኗኗሮች አንዱ ብቻ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በእኔ እምነት የለጉዊን ዓለሞች ሁሉ መሠረታቸው እዚህ ላይ ነው።

ዝነኛው ሥራዋ በ1968 የታተመው «የኧርዝሲው አስማተኛ» ነው። ኧርዝሲ ከዳር እስከ ዳር በባሕር ላይ የተበተኑ ደሴቶች ዓለም ሲሆን፣ በዚያ አስማት የሚሠራው በስም ነው። ድንጋይም፣ ዓሣም፣ ዘንዶም፣ ሰውም እያንዳንዱ እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ኃይል ያገኝበታል። ስለዚህ ሰዎች በአደባባይ በሌላ መጠሪያ ይጠራሉ፣ እውነተኛ ስማቸውንም ሕይወታቸውን አደራ ለሚሰጡት ሰው ብቻ ይነግራሉ። ይህን ሐሳብ የእናቷ መጽሐፍ ብቻውን ወለደው ለማለት አልደፍርም፤ ተመሳሳይ እምነት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለና። ሆኖም ስሙን ሳይናገር የሞተው ሰው ታሪክ በቤተሰቧ ሲጻፍ የነበረች ሴት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ይህን መጽሐፍ ማውጣቷን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

መምህር ሆይ፣ ለጣና ዳር ሰው ግን ይህ ነገር ከቶ እንግዳ አይደለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚወጣላቸው የክርስትና ስም ለጸሎትና ለፍትሐት እንጂ ለመንደር ጥሪ እንደማይውል፣ ሽማግሌዎችም ከእናት ስም ጋር ተጣምሮ በክፉ ደብተራ እጅ እንዳይገባ አጥብቀው ሲጠነቀቁ እንደኖሩ ያውቃሉ። ክታብን ያስቡ፤ በጠባብ ረጅም ብራና ላይ በጥቁር ቀለም ጸሎቱ ይጻፋል፣ በመካከሉ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፣ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም በአንዳንዶቹ ላይ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ በላዩ ተጽፎ ይታያል። ያ የተፋቀ ቦታ ብቻውን የአንድ ልብ ወለድ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለጉዊን ይህን ዓይነት ነገር ለማግኘት የአባቷን መጻሕፍትና ወዳጆች አስፈልገዋታል፤ እርስዎ ግን አያትዎን፣ ወይም በአካባቢዎ ያሉትን የቅኔ መምህር መጠየቅ ይበቃዎታል።

ወደ ሥራ ሕይወቷ ስንመጣ፣ ብዙ ወጣት ጸሐፊዎች የሚዘሉት ክፍል ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ11 ዓመቷ የመጀመሪያ አጭር ልብ ወለዷን ለአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ላከች፤ አልተቀበሏትም። በ1951 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመርቃ፣ በ1952 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ከ1951 እስከ 1961 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ አምስት ረጃጅም ልብ ወለዶችን ጽፋ ለአሳታሚዎች አቀረበች፤ ሁሉም ተመለሱባት። ታሪኮቹ የተፈጸሙት በምሥራቅ አውሮፓ አካባቢ በፈጠረችው አንድ ምናባዊ አገር ስለነበር፣ አሳታሚዎቹ እንግዳ ሆኑባቸው፣ የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያኖሯቸውም ጨነቃቸው። ክፍያ ያገኘችበት የመጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ የታተመው በ1962 ነው፤ ያኔ 32 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዷ በ1966 ወጣ።

ኧርዝሲም ቢሆን በአንድ ጊዜ ተሟልቶ አልመጣም። በ1964 በአንድ መጽሔት ላይ ባወጣቻቸው ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ ደሴቶቹና የስም ሕግ ብቅ አሉ፤ ከዚያ በኋላ በበርክሊ ያለ አንድ አነስተኛ የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍ፣ ይዘቱንም እንደ ፈለገችው እንድታደርገው ጠየቃት። በዚያን ዘመን በተረት ያሉ አስማተኞች ሁሉ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እርሷ ግን «እነዚህ ሰዎች ልጅ ሳሉ ምን ነበሩ? የት ተማሩ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ካርታውንም ቀድማ ሣለች፤ ደሴቶቹን በወረቀት ላይ አንድ በአንድ አስቀምጣ ስም ከሰጠቻቸው በኋላ ጀግናዋን በመካከላቸው በጀልባ ሰደደችው።

ጀግናው ጌድ ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት ላይ ፍየል ጠባቂ ሆኖ ያደገ የአንጥረኛ ልጅ ነው። ለአስማት ትምህርት ወደ ሌላ ደሴት ሄዶ ሳለ፣ ከአንድ ተማሪ ጋር ገብቶበት በነበረው እልህ ከሙታን ዓለም መንፈስ ለመጥራት ይደፍርና አንድ ስም የሌለው ጥላ ወደ ዓለም ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በመጀመሪያ ከጥላው የመሸሽ፣ በኋላም ፊቱን አዙሮ ጥላውን የማሳደድ ታሪክ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጦር ከጦር ተሰልፎ ክፉው በደጉ የሚሸነፍበት ዐውደ ውጊያ የለም፤ ድሉ ሰውየው የራሱን ክፋት የራሱ ነው ብሎ መቀበሉ ነው። ለባልደረቦችዎ ይህን ይንገሩልኝ፤ ንስሐን የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ታሪክ የልጆች ጨዋታ አይለውም።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የኧርዝሲ ሰዎች በአብዛኛው ጠይምና ጥቁር ናቸው፤ ጌድ የቀይ ዳማ መልክ አለው፣ የቅርብ ጓደኛው ጥቁር ነው፣ ከሰሜን ምሥራቅ እየመጡ የሚዘርፉት ግን ነጮች ናቸው። ለጉዊን ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ሽፋን ሠዓሊዎች ጌድን ለብዙ ዓመታት ነጭ አድርገው ሲሥሉት ቆይተዋል፤ በ2004 በተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ላይም ነጭ ተዋናይ ስለተሰጠው ደራሲዋ በአደባባይ ጽፋ ተቃውማለች።

ስለ ክብሯ በአጭሩ፦ በ1969 የወጣው «የጨለማው ግራ እጅ» ሁጎና ኔቡላ የተባሉትን ሁለቱን የሳይንስ ልብ ወለድ ታላላቅ ሽልማቶች አግኝቷል፤ ሁጎን በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ናት። ይህንኑ መጽሐፍ በ1968 አንድ አሳታሚ «አይነበብም» ብሎ መልሶት ነበር። ደራሲዋ ያንን ደብዳቤ ዓመታት ካለፉ በኋላ የጸሐፊውን ስም ሸፍና ጀማሪዎች እንዲያዩት ለአደባባይ አበቃችው። የኧርዝሲ ሦስተኛ መጽሐፍ በ1973 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልጆች መጻሕፍት ዘርፍ ተቀበለ። በ2014 ደግሞ ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ላበረከተችው አስተዋጽኦ የብሔራዊ መጽሐፍ ፋውንዴሽን ሜዳልያ ሲሰጣት፣ ሽልማቱን ለረጅም ጊዜ ከሥነ ጽሑፍ አጥር ውጭ ከቆዩት የምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሁሉ ጋር እንደምትካፈለው ተናገረች፤ መጽሐፍን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ የሚያዩ ነጋዴዎችንም በዚያው መድረክ ላይ ገሠጸች።

ባልደረቦችዎ «ቁም ነገር ጻፍ» ሲሉዎት ከቤትዎ ደጃፍ ያለውንም ታሪክ ያስታውሷቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ነው፤ በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍም «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው፣ ነገሥታቱንና ጦርነቱን ደራሲው ከልቡ ስለወለዳቸው ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀምር በምናብ አገር ነበር የጀመረው።

ለልብ ወለድዎ አንድ ምክር ልጨምር። ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዳ ግንብና ዘንዶ አያስፈልግዎትም። ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት ይባላል፤ በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም አርፏል፣ በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ነገደ ወይጦን ያነጋግሩ፤ ታንኳ ከደንገል መሥራትን እንደ እነርሱ የሚያውቅ የለም፣ የጥንት ቋንቋቸው ግን ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ፀሐይ ሲያገኝ እንደሚታሰር፣ ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ምን እንደሚደረግ ጠይቀው ይጻፉ። የለጉዊን ባሕር የሚታመነው ገመዱ፣ ሸራውና የነፋሱ አቅጣጫ በትክክል ስለተነገሩ ነው፤ አስማቱ ከዚያ በኋላ ቢመጣ አንባቢው ይቀበለዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የምኖረው ዘጌ ነው። የሁለት ልጆች እናት ስሆን ቀን በመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ልጆቹ ሲተኙ እጽፋለሁ። ለጉዊን ልጆች ነበሯት? ባሏስ ምን ይል ነበር? በጽሑፏስ ትተዳደር ነበር?
አንዲት እናት፣ ከዘጌ

መልስ፦ እኅቴ፤ በ1953 ለጥናት ወደ ፈረንሳይ በመርከብ ስትጓዝ ቻርልስ ለጉዊን ከሚባል የታሪክ ተማሪ ጋር ተዋወቀች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ላይ ተጋቡ፣ እርሷም የዶክትሬት ትምህርቷን ተወች። በ1957፣ በ1959 እና በ1964 ሦስት ልጆች ወለደች። ከ1959 ጀምሮ ኑሯቸው ባሏ ታሪክ በሚያስተምርባት በፖርትላንድ ነበር፤ ቤተሰቡን ለረጅም ጊዜ ያቆመው የእርሱ ደመወዝ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። አምስቱ መጻሕፍት በተመለሱባቸው ዓመታት የቤቱ ወጪ በእርሷ ብዕር ላይ ቢወድቅ ኖሮ፣ ስድስተኛውን የምትጽፍ አይመስለኝም።

ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ የምትጽፈው እንደ እርስዎ ማታ፣ እነርሱ ከተኙ በኋላ ነበር። ስለ ባሏ ስትናገር ሐሳቧ ይህ ነበር፦ መጻፍ ሙሉ ሥራ ነው፣ ቤትና ልጅ መያዝም ሙሉ ሥራ ነው፣ አንድ ሰው ሁለቱን መወጣት አይችልም፤ ሁለት ሰዎች ግን ሦስት ሙሉ ሥራ መሥራት ይችላሉ። ሦስተኛው የባሏ ማስተማር መሆኑ ነው። በእኛ ቤት ባል ልጅ አስተኝቶ ሚስት ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥ ጎረቤት የሚለው አይጠፋም፤ ቢሆንም ይህን ገጽ ለባለቤትዎ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ደግሞ በ1988 በሰጠችው ቃለ ምልልስ እንደተናገረችው፣ የምትወደው የቀን ውሎ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነቅቶ አልጋ ላይ ማሰብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ እስከ እኩለ ቀን መጻፍ፣ ከሰዓት በኋላ ማንበብና የቤት ሥራ ነበር።

ሴትነቷ በሥራዋ ላይ ያመጣባትን ነገርም ላንሣ። በ1969 አንድ የታወቀ የወንዶች መጽሔት አጭር ልብ ወለዷን ሲያትም፣ አንባቢዎቹ በሴት ስም እንዳይደናገጡ በሚል የስሟ የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ እንዲጻፉ ጠየቃት፤ እርሷም ተስማማች፣ በኋላ ግን ተቆጭታበታለች። በራሷ መጻሕፍትም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ የኧርዝሲ ታሪኮች ታላቁ አስማት የወንዶች ብቻ ነበር፤ የሴቶቹ ድርሻ የመንደር መድኃኒተኛነት ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ ወደዚያው ዓለም ተመልሳ አንዲት በእሳት የተቃጠለች ሕፃን ስለምታሳድግ ባሏ የሞተባት የገበሬ ሚስት ጻፈች። ጌድ በዚያ መጽሐፍ ኃይሉን አጥቶ ሳሕን የሚያጥብ ሰው ሆኗል። ዝናዋን ያስገኘላትን ዓለም ራሷ በሌላ ዓይን ለማየት መድፈሯን፣ ከሽልማቶቿ ሁሉ አስበልጬ አከብርላታለሁ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የኧርዝሲን መጻሕፍት ለማንበብ ከየትኛው ልጀምር?
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ በታተሙበት ቅደም ተከተል አንብባቸው። በ1968 የወጣው የጌድ ታሪክ ቀዳሚ ነው፤ መጽሐፉ አጭር ስለሆነ እንግሊዝኛህ ብዙ ባይጠነክርም መዝገበ ቃላት አጠገብህ አስቀምጠህ ትዘልቀዋለህ። ቀጥሎ በ1971 በመጽሐፍ የወጣው «የአቱዋን መቃብሮች»፣ ከዚያ በ1972 የወጣው ሦስተኛው፣ በመቀጠልም «ቴሃኑ» የተባለው የ1990ው ይመጣሉ፤ የአጫጭር ታሪኮቹ ስብስብና የመጨረሻው ረጅም ልብ ወለድ ሁለቱም በ2001 ወጥተዋል። ብዙ ልጆች ሁለተኛው ስለ አንዲት ልጃገረድ ስለሆነ፣ ጌድም እስከ መካከሉ ድረስ ስለማይመጣ ይዘሉታል። አንተ አትዝለለው፤ በ5 ዓመቷ ከቤቷ ተወስዳ፣ ስሟን ተነጥቃ፣ በጨለማ ዋሻ ውስጥ ካህን ተደርጋ ያደገችው ቴናር፣ በአራተኛው መጽሐፍ የተቃጠለችውን ሕፃን የምታሳድገው ያችው ሴት ናትና፣ የልጅነቷን ታሪክ ሳታውቅ ሕፃኒቱን ለምን እንደተቀበለቻት አይገባህም።